የቅዳሜዋ ነጥብ

ሰዓት የሚጠግን ሰው ሥራ ላይ ሳለ ስሙ አይጠራም። እጁ ትንሽ ከተነቃነቀ ያቺ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን ብር ብላ ትጠፋለች፤ ከዚያ በኋላ መሬት ለመሬት መዳከር ነው። ይህን በመቀሌ በቀዳማይ ወያነ ገበያ ዙሪያ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። መምህርት ምንትዋብ ግን የስፖርት አስተማሪ ናት፣ ያውም የጎንደር ልጅ፤ መታገሥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ያን ረቡዕ ጠዋት ገና ከሱቁ ደጃፍ ሳትደርስ ጀመረች።

«ጋሽ ዘርኡ! ቅዳሜ ድምፅዎን እፈልጋለሁ!»

ብሎኗ ብር አለች።

«ተባረኪ» አለ ዘርኡ፣ አጉሊ መነፅሩን ከዓይኑ እየነቀለ። «ድምፄን ብቻ ነው ወይስ ዓይኔንም?»

ምንትዋብ ሣቀች እንጂ አላፈረችም። ተንበርክካ ከጠረጴዛው ሥር ብሎኗን ፈልጋ አገኘችለትና በመዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። እሷ የ«ንፋስ» ሞተር ብስክሌት ክለብ ጸሐፊ ናት፤ እሱ ደግሞ የክለቡ ሰዓት ያዥ። ክለብ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ዘጠኝ ተወዳዳሪ፣ አንድ ቀዳዳ ድንኳን፣ አንድ የሚያንቋርር ማይክራፎንና አንድ ማኅተም ነው። በዓመት ስድስት ጊዜ፣ ከኲሓ ወጣ ብሎ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ በቀረው አሮጌ አስፋልት ላይ ይወዳደራሉ። ቅዳሜ ማጣሪያ ነው፦ እያንዳንዱ ብቻውን ወጥቶ ሦስት ዙር ይነዳል፣ ዘርኡ ሰዓቱን ይይዛል። ፈጣኑ እሑድ ከፊት ይነሣል፤ የቅዳሜ ዋጋው ይኸው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ባንድነት ይለቀቃሉ፤ ነጥብ የሚያዘው፣ ሻምፒዮናውም የሚለየው በእሑዱ ነው፦ ለአንደኛ አሥራ አምስት፣ ለሁለተኛ አሥራ ሁለት፣ ለሦስተኛ አሥር።

ምንትዋብ ይህንን ልትለውጥ ነው የመጣችው።

«ቅዳሜ አንደኛ ለወጣ አንድ ነጥብ ይሰጥ ነው የምለው» አለች። «አንዲት ነጥብ ብቻ! ደግሞ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ይታሰብ። ሰዓቱ ሁሉ በእርስዎ ደብተር ላይ አለ አይደል?»

ዘርኡ ደብተሩን ማየት አላስፈለገውም። በዚያ ዓመት፣ በ2005፣ አምስት ማጣሪያ ተደርጎ ነበር፤ በአምስቱም አንደኛ የወጣው ኣረፋይነ ነው። አምስት ውድድር ተደርጎ ነበር፤ ኣረፋይነ አንዱንም አላሸነፈም። ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ። ከፊቱ ያለው ባርናባስ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ባጃጅ ነጂ ሲሆን፣ አራቱን አሸንፎ በአንዱ ሞተሩ ስለቆመበት በሁለት ነጥብ ብቻ ይበልጠዋል። የቀረው አንድ ውድድር ነው። ሕጉ እንዳለ ከቀጠለ ኣረፋይነ ሻምፒዮን የሚሆነው ባርናባስን ቀድሞ ከገባ ብቻ ነው። የምንትዋብ ነጥብ ከታሰበ ግን፣ እንደ ልማዱ ሁለተኛ ቢወጣም ዋንጫው የሱ ነው።

«ሐኪሙ ያሉትን ሰምተዋል አይደል?» አለች ምንትዋብ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዓይደር ሆስፒታል ሄዶ ጀርባውን ታይቶ የለ? ከዚህ በኋላ ሞተር የሚባል ነገር እንዳትነካ ብለውታል። ይኼ የመጨረሻው ነው። ሰውዬው አርባ አልፎታል፤ አንድ ዋንጫ የለውም! እስቲ ይንገሩኝ፣ ብቻውን ሲነዳ የሚያክለው አለ?»

«የለም።»

«ቅዳሜ ዕድል የለም፣ መገፋፋት የለም፤ ሰውና ሰዓት ብቻ ነው። ማን ፈጣን እንደሆነ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ምን አለ? ታዲያ ፈጣኑ ባዶ እጁን ይሂድ? ኮሚቴው አምስት ነን፤ ሁለት ደግፈናል፣ ሁለት ተቃውመዋል። የቀሩት እርስዎ ነዎት።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ልትሄድ ስትል መለስ አለች። «ደግሞ እርስዎ ይቅር ያሉትን ሰው ሌላው ማን ሆኖ ነው የሚጨክንበት?»

ሄደች። ዘርኡ ብሎኗን እንደያዘ ቀረ።

እዚህ ላይ እንግዲህ ከተማው የሚያውቀውን ልንገራችሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዘርኡም ተወዳዳሪ ነበር። ከኣረፋይነ ጋር ከአንድ ሳህን የሚበሉ፣ አንዱ የሌላውን ሞተር ሳያይ የማያድር ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ እሑድ፣ ዙሪያው በለስ የሚያፈራ ቁልቋል ስለሆነ የበለስ ኩርባ በሚሉት መታጠፊያ ላይ ጎን ለጎን ሲገቡ ተጠላለፉና ወደቁ። ኣረፋይነ ጭንቅላቱን ተመታ። የዘርኡ ግራ እግር ከሞተሩ ሥር ቀረ፤ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ያየ ሁሉ «ኣረፋይነ መንገድ ዘጋበት» አለ። ኣረፋይነ ራሱ ከኩርባው አፍ እስከ ሐኪም ቤት አልጋ ድረስ ያለውን አያስታውስም፤ ሰው ያለውን አምኖ ተቀበለ።

ዘርኡ ከሐኪም ቤት በወጣ በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ። የመሯቸው ኣቦይ ገብረመስቀል ናቸው፣ ያኔም ዛሬም የክለቡ ሊቀመንበር። ኣረፋይነ ራሱ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ በአገሩ ደንብ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከዘርኡ በር ላይ ወደቀ። ሴቶቹ አለቀሱ። ኣቦይ ገብረመስቀል «በል ልጄ፣ ስለ ፈጣሪ ብለህ» አሉ። ዘርኡም ከአልጋው ላይ ሆኖ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። በቃ። መቀሌ ጉድ አለች። እግሩን ላሳጣው ሰው በሳምንቱ ይቅር ያለ! ቄሱ ሳይቀሩ በስብከታቸው አነሡት። ከዚያ ወዲህ ዘርኡ የሚሄድበት ሁሉ ሰው ተነሥቶ ወንበር ይለቅለታል።

ከተማው የማያውቀው ደግሞ ይኸውና። ያን ቀን ከቁልቋሉ ሥር የዛሬዋ ሚስቱ ትምኒት ቆማ ነበር። ከታጩ ገና ወራቸው ነው። ዘርኡ ከኣረፋይነ ትንሽ ኋላ፣ በውስጥ በኩል ሆኖ ኩርባውን ሲገባ ነጭ ነጠላዋን አየና፣ ምን ልበላችሁ፣ ጎረምሳ አይደል፣ ግራ እጁን ከመሪው አንሥቶ አውለበለበላት። የፊት ጎማው ጉድጓድ ገባ፤ በአንድ እጅ የተያዘ መሪ ተጠመዘዘ፤ ሄዶ የኣረፋይነን የኋላ ጎማ መታ። ኣረፋይነ መንገዱን አልለቀቀም፣ ማንንም አልዘጋም። ጥፋቱ ከላይ እስከ ታች የዘርኡ ነበር።

ለምን ዝም አለ? መጀመሪያ ትምኒትን ፈርቶ ነው። «ለኔ እጁን ሲያወዛውዝ ነው እግሩን ያጣው» ብላ ዕድሜ ልኳን እንዳትሸከመው። ቀን ቆጥሮ፣ ነገሩን አለዝቦ፣ ቀስ ብሎ ለኣረፋይነ ብቻ ሊነግረው አስቦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቀደሙት። ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ፣ ያ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተደፍቶ እያለ፣ ዘርኡ አፉን ሲከፍት የወጣው የተለመደው ቃል ሆነ። አንዴ በሽማግሌ የታሰረ እርቅ ደግሞ እንደገና አይፈታም፤ ነውር ነው። እንዲህ ሆኖ ላልበደለው ሰው ይቅርታ ሰጠ፣ ላላደረገውም ምስጋና ተቀበለ።

ኣረፋይነ ከዚያ በኋላ ሞተር አልተወም፤ አንድ ነገር ግን ተወ። ቅዳሜ ብቻውን ሲሆን ያ የበለስ ኩርባ ለሱ ምንም አይደለም። እሑድ ከጎኑ ሰው ሲገባ ግን ነዳጁን ይቀንሳል፣ መንገድ ይለቃል። ሰው «ጨዋ ነው» ይለዋል። ዘርኡ በየእሑዱ ከኩርባው አጠገብ፣ የመድረሻው መስመር ላይ ሰዓት ይዞ ይቆማል፤ ያ የሞተር ድምፅ ዝቅ ሲል በሰማ ቁጥር ሰዓቱ ላይ ያቀረቅራል።

ሐሙስ ዕለት ባርናባስ ባጃጁን ሱቁ ፊት አቁሞ ገባ። ዘርኡ «ነጥብ እንዳትሰጡ ብሎ ሊለምነኝ ነው» ሲል ገመተ።

«ኣያ ዘርኡ፣ ልለምንህ አይደለም የመጣሁት» አለ ልጁ፣ እንደሰማው ሁሉ። «ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ሕግ መለወጥ ልክ አይደለም፤ በቴሌቪዥን የምናያቸው ታላላቆቹም ለማጣሪያ ነጥብ አይሰጡም። ይኼን ቅዳሜ በድንኳኑ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ። ግን ሌላ ነገር አለ።» አንገቱን አከከ። «ያ ኩርባ ላይ ሁልጊዜ ይለቅልኛል። አውቃለሁ፤ ስለማውቅም እዚያ ድረስ ጠብቄ በውስጥ እገባለሁ። አሸንፋለሁ፤ ዋንጫ ሲሰጡኝ ግን የሰው ዕቃ የያዝኩ ይመስለኛል። ምን ሆኖ ነው የሚለቅልኝ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ዘርኡ አጉሊ መነፅሩን ዓይኑ ላይ መልሶ አንድ ሰዓት ከፈተ። ልጁ ትንሽ ጠብቆ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ኣረፋይነ ራሱ መጣ። እጁ እንደ ወትሮው በግራሶ ጠቁሯል፤ ጋራዡ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ገባ ልበል?» አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ ገብቶ አያውቅም። የድሮው ኣረፋይነ እኮ በር በእግሩ የሚከፍት፣ ከሰው ሳህን ሥጋ መርጦ የሚያነሣ፣ ሲናደድ ጎረቤት የሚያስወጣ ሰው ነበር። ይኸኛው እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምንትዋብ ያመጣችውን ነገር እኔ አልጠየቅኳትም» አለ። «ያንን እንድታውቅ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ትፈልገዋለህ?»

ኣረፋይነ መሬት መሬት አየ። «አልዋሽህም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ፤ እፈልገዋለሁ። አንድ ጊዜ። እሑድ ባርናባስን እንደማልቀድመው አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። በቅዳሜ ካልሆነ በምንም አይሆንም።» ከዚያ ቶሎ ብሎ ጨመረ፦ «አንተን ደስ ካላለህ ግን ይቅር። እኔ ካንተ ምን የመጠየቅ አፍ አለኝ?»

ይቺ ቃል የዘርኡን አንጀት በጣጠሰችው። «ተው እንጂ ኣረፋይነ!» አለ፣ ከልክ በላይ ጮኾ። ኣረፋይነ ደንግጦ ተነሣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሄደ። ይቅርታ ጠየቀ! ዘርኡ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው፤ ላዩ ላይ የነበሩት ሰዓቶች ሁሉ ተንቀጫቀጩ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስል ዋለ። አዎ ማለት ቀላል ነው። ኣረፋይነ ዋንጫውን ይወስዳል፣ ምንትዋብ ደስ ይላታል፣ ከተማው ደግሞ «አይ ዘርኡ፣ አሁንም በላይ በላዩ ቸርነት» ይላል። ዝምታው በአንዲት ነጥብ ይሸፈናል። ያስጠላውም ይኸው ነው፤ ለጓደኛው የሚሰጠው ስጦታ ለራሱ አፍ ማስያዣ ጉቦ መስሎ ታየው። ባይሰጠውስ? አሥራ አንድ ዓመት በሐሰት ያጎበጠውን ሰው የመጨረሻ ዕድሉን ሊነጥቀው ነው።

ማታ እራት ላይ ትምኒት «ስጠው» አለችው፣ ሽሮውን እያቀረበች። «ምን ይጎድልብሃል? ያሳዝነኛል እኮ። ሲያየኝ እንኳ ቀና ብሎ አያየኝም።» ዘርኡ አንድ ጉርሻ ይዞ አፉ ድረስ አደረሰና መለሰው። አሁን ልንገራት አለ በልቡ። እስዋም አየችው። ከዚያ ሽሮ ጨመረችለት፤ እሱም ጉርሻውን ጎረሰ።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ኣረፋይነ በመጨረሻ ወጣ። ዘርኡ ክራንቹን ብብቱ ሥር አስገብቶ፣ መቁጠሪያ ሰዓቱን ይዞ ከኩርባው አጠገብ ቆመ። የኣረፋይነ ሞተር ከሩቅ ጮኸች፣ ቀረበች፣ ኩርባውን ድምፅዋን ሳትቀንስ እንደ መጣች ገባችበት፤ ወጣች። ሦስቱንም ዙር እንዲሁ ነበር። ባርናባስን በሁለት ሰከንድ በለጠው። ጨርሶ ሲወርድ ጀርባውን በእጁ ደግፎ ነበር የወረደው፤ ፊቱ ግን የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። ምንትዋብ ተነሥታ ሐሳቧን አስረዳች፤ ምን ይዋሻል፣ ደህና አድርጋ ተናገረች። ባርናባስም ያለውን አለ፤ ልጁ ላቡ እስኪንጠባጠብ ድረስ አፍሮ፣ ግን አለ። ኣረፋይነ ኋላ በኩል ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያያል። ሁለት እጅ ደገፈ፣ ሁለት እጅ ተቃወመ። ኣቦይ ገብረመስቀል ወደ ዘርኡ ዞሩ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ነበር የዞረው፤ መልሱን ያወቀ መስሎታል።

ዘርኡ ተነሣ። «አልደግፍም» አለ።

ድንኳኑ አጉረመረመ። ምንትዋብ እስክሪብቶዋን ጣለች። ኣረፋይነ አንገቱን ደፋ፤ ቅር ያለው ሰው አይመስልም፤ የሚገባውን ያገኘ ሰው ነው የመሰለው። ዘርኡ ያንን ሲያይ ወደ ድንኳኑ መሃል ተራመደ።

«ስሙኝ። እኔ ሥራዬ ሰዓት ነው። ሰዓት አይጋፋህም፣ አይፈራህም፣ አያምንህም። ቅዳሜ ሰው ከሰዓት ጋር ነው፤ ዋጋውም ከፊት መነሣት ነው፣ ተከፍሎታል። ውድድር የምንለው ከጎንህ ሰው ሲኖር ነው። ኣረፋይነ ከጎኑ ሰው ሲኖር የሚለቀው ጨዋ ስለሆነ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እሑድ እሑድ የሚያሸንፈው ባርናባስ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ ኣቦይ ገብረመስቀል።

«ያን ቀን እሱ መንገድ አልዘጋብኝም። እኔ ነኝ እጄን ከመሪው ያነሣሁት። እኔ ነኝ የመታሁት። እግሬን ራሴ ነኝ ያጣሁት።»

አንድ አውሮፕላን ከአጥሩ ማዶ ሊያርፍ ዝቅ አለ፤ ጩኸቱ የድንኳኑን ሸራ አራገበው።

«ያንን ድንጋይ እኮ እኔ ነኝ ያሸከምኩት!» አሉ ሽማግሌው። «በገዛ እጄ! አንተ ሰው፣ አፍ አልነበረህም?»

«ነበረኝ፣ ኣቦይ። አልተጠቀምኩበትም።»

«እጅህንስ ምን ብለህ አነሣህ?»

«ጎረምሳ ነበርኩ» አለ ዘርኡ። ከዚህ በላይ አልጨመረም።

ወደ ኣረፋይነ አየ። ኣረፋይነ ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ሄልሜቱን ብብቱ ሥር ይዞ በሰው መካከል አለፈ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ወደ ከተማ ሄደ። ምንትዋብ ልትከተለው ስትል ባርናባስ እጅዋን ያዛት።

ወሬ በመቀሌ ከባጃጅ ይፈጥናል። ዘርኡ ቤቱ ሲደርስ ትምኒት ሰምታ፣ በሩ ላይ ቆማ ነው የጠበቀችው። ገብቶ ሳይቀመጥ «ለኔ ነው አይደል ያነሣኸው እጅህን?» አለችው።

ዘርኡ ክራንቹ ሊያመልጠው ነበር። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አይቼህ! እኔም እኮ እጄን አንሥቼልህ ነበር።» እንባዋ መጣ። «አንተ ይቅር ስትል፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ ባለበት፣ ቃልህን ከአፍህ ልንጠቅህ? ያልተናገርከው እኔን ልታድነኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያ ሰው ባየኝ ቁጥር ሲሸማቀቅ ዝም አልኩ። ሁለታችንም በላነው፣ ዘርኡ።»

ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ አልጋ ሲተኙ አንድ ነገር ሁለቱም ለየብቻ ደብቀው ኖረዋል። ዘርኡ እጅዋን ያዘ። አብረው አለቀሱ።

እሑድ ጠዋት ኣረፋይነ አልመጣም። ከአደጋው ወዲህ ዘርኡን በሞተሩ ለቅዳሴ ሳይወስደው የቀረበት የመጀመሪያው እሑድ ነው። ዘርኡና ትምኒት በባጃጅ ሄዱ፤ ከቅዳሴ በኋላም በባጃጅ ወደ ኲሓ ወጡ። ዘርኡ መንገዱን ሁሉ «ባይመጣስ?» እያለ ነው የደረሰው። ደርሶ ሲያይ ኣረፋይነ ከፊት መስመር ላይ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። ሊያየው አልዞረም።

ስምንት ዙር ነው። ባንዲራው ሲወርድ ኣረፋይነ መራ፤ ባርናባስ ከኋላው ተለጠፈ። የበለስ ኩርባ ላይ ባርናባስ እንደ ልማዱ በውስጥ በኩል ገባ። ዘርኡ ጆሮውን አቆመ። የኣረፋይነ ሞተር ድምፅ ዝቅ አለ። ለቀቀ። ባርናባስ አለፈ።

«አይ ኣረፋይነ!» አለ ዘርኡ ባፉ ሙሉ። ታዲያ ምን ይጠበቅ ነበር? አሥራ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ባንድ ሌሊት እሺ አይልም። ሁለተኛው ዙር ላይም ኣረፋይነ ከኋላ ቀረ፣ ሦስተኛውም ላይ። አራተኛው ላይ ግን ቀረብ አለ፤ አምስተኛው ላይ ከባርናባስ ጀርባ ገባ። ስድስተኛው ላይ ከጎኑ መጣና ኩርባው አፍ ላይ ተመለሰ። ሰባተኛው ላይ ዘግይቶ ተመለሰ። ትምኒት የዘርኡን ክንድ ይዛ ጥፍርዋን ተክላበት ነበር።

በመጨረሻው ዙር ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው መጡ። ክንድ ለክንድ ሊነካኩ አንድ ስንዝር አልቀራቸውም። ዘርኡ ዓይኑን ሊጨፍን ፈለገ፣ ሰዓት ያዥ ነውና አልቻለም። ድምፁን ጠበቀ። አልቀነሰም! ሁለት ሞተር አንድ ጩኸት ሆኖ የበለስ ኩርባን ገባ፤ አንድ ጩኸት ሆኖ ወጣ። ማንም ማንንም አልነካም። ሕዝቡ አብዷል። አጭሩን ቀጥ ያለ መንገድ ጨርሰው መስመሩን ሲያልፉ የዘርኡ ጣት ሰዓቷን ተጫነች፤ ሰዓቷ ግን ሁለቱን መለየት አልቻለችም። ዓይኑ ግን አይቷል።

ኣቦይ ገብረመስቀል ማይክራፎኑን ይዘው መጡ። «ማን ነው?»

ዘርኡ አንድ ስም ቢጠራ ማንም አይከራከረውም፤ ሰዓት ያዡ እሱ ነው፣ ሰዉም የሚጠብቀው ያንን ስም ነው።

«ባርናባስ» አለ። «በግማሽ ጎማ።»

ኣረፋይነ ሞተሩን እየገፋ መጣ። ጀርባው ጎብጧል፣ ላቡ በአገጩ ይወርዳል። ከዘርኡ ፊት አቆማትና ሄልሜቱን አወለቀ።

«በስንት?»

«በግማሽ ጎማ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ኣረፋይነ ሄልሜቱን መሬት ላይ ወረወረው። «አንተ ውሻ!» ብሎ ጮኸ፤ ግማሹ ሕዝብ ክው አለ። «ትናንት እጅህን ብታወጣ ሻምፒዮን ነበርኩ! አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት በሕልሜ እግርህን ሳይ እንዳደርኩ ታውቃለህ? ልጄን ሞተር እንዳትነካ ብዬ የደበደብኩት ባንተ ነው! ቤትህ ውኃ እንኳ ደፍሬ ጠጥቼ አላውቅም! ሰው ነህ አንተ?»

ዘርኡ ክራንቹን ተደግፎ ቆመ። እያንዳንዱ ቃል ያመዋል፤ ግን ይኼ እሱ የሚያውቀው ድምፅ ነበር፤ ያ ጎረቤት የሚያስወጣው የድሮው ሰው ነበር።

ኣቦይ ገብረመስቀል ዘለው መሃል ገቡ። «በሉ በሉ፣ ልጆቼ! እዚሁ፣ አሁኑኑ ይቅር ተባባሉ...»

«ኣይሆንም፣ ኣቦይ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ሽማግሌው ሁለቱን በየተራ አዩና ማይክራፎናቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ።

«ይቅር አልልህም» አለ ኣረፋይነ፣ እያለከለከ። «ዛሬ አልልህም። መጀመሪያ ልቆጣህ። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቼህ አላውቅም እኮ!»

«ተቆጣ።»

ተቆጣ። ጀርባው እስኪያመው፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ተቆጣ። ትምኒት ቆማ ሰማች፤ አንዴ ወደሷም ዞሮ ዓይን ዓይንዋን እያየ ተቆጣት። ሲያበቃ ሄልሜቱን ከመሬት አነሣ፣ አቧራውን በክርኑ ጠረገ፣ ጥቂት ሄዶ ዞረ።

«ነገም እመጣለሁ። አልጨረስኩም!»

«ሱቁን ሁለት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ» አለ ዘርኡ።